የገርጂ ቋሚ፣ የሱባ ጥድ

ገርጂ ውስጥ፣ ከኢምፔሪያል ወደ ጃክሮስ ሲኬድ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ አንድ አሮጌ የጭቃ ቤት ለመንገድ ማስፋፊያ ሲፈርስ ደረስኩ። ቆርቆሮው ተነሥቷል፤ ጭቃው ተራግፎ ተከምሯል፤ ቆመው የቀሩት ቋሚዎቹ ብቻ ናቸው። ሁለት ወጣቶች አንዱን ቋሚ ዙሪያውን በዲጂኖ ምሰው ነቀሉትና መሬት ላይ አጋድመው በመጋዝ ይቆርጡት ጀመር። ከላይ ሲያዩት ያለቀለት እንጨት ነው፤ ጥላሸት የጠጣ፣ ጭድ የተጣበቀበት፣ የዛገ ሚስማር የቀረበት። መጋዙ ሁለት ጣት ያህል ሲገባ ግን ቀይ ብናኝ በልጁ ጫማ ላይ መርገፍ ጀመረ፤ ሽታውም ተነሣ። ጥድ ነው፤ የሐበሻ ጥድ።

ጎንበስ ብዬ የተቆረጠውን ፊት አየሁት። ዳሩ ነጣ ያለ ቀጭን ቅርፊት፣ መሐሉ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ፤ የዕድሜ ቀለበቶቹ ከመጠጋጋታቸው የተነሣ በጥፍር መለየት አይቻልም። መሬት ውስጥ ተቀብሮ የኖረው ጫፍ ላዩ ተልጦ ቢቀጥንም ውስጡ ደረቅና ጠንካራ ነው። ምስጥ አልደፈረውም። የቤቱ ባለቤት የነበሩ እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ከመንገዱ ማዶ ቆመዋል። “ልጄ፣ አባቴ በጃንሆይ ጊዜ ያቆመው ነው” አሉኝ። “ያኔም ቢሆን አዲስ እንጨት አልነበረም፤ ከሌላ ቤት ተነቅሎ የመጣ ነው ይል ነበር።”

እሳቸው ሲናገሩ እየሰማሁም ልቤ እዚያ አልነበረም። ሽታው ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ ወጨጫ ተራራ ላይ አድርሶኛል። በተማሪነት ዘመኔ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ቀኑን ሙሉ በደን ውስጥ ሄደን አንድ ፏፏቴ ያየንበት ተራራ ነው።

ጊዜው 1990ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ነው፤ ቀለበት መንገዱ ገና ይቆፈር የነበረበት ዘመን። የዛሬዋን ገርጂ ብቻ የሚያውቅ ሰው የያኔዋን ብነግረው ሌላ አገር የማወራ ይመስለዋል። ከሰፈራችን ወደ ጉርድ ሾላ በሜዳ ነበር የምንሻገረው። ከብት ይሰማራበታል፣ ኳስ ይጫወቱበታል፣ ክረምት ሲገባ ቡትስ የሌለው ሰው አያልፍበትም። አውሮፕላን ወደ ቦሌ ሊያርፍ ዝቅ ብሎ ሲመጣ እንግዳ ሰው ጆሮውን ይይዛል፤ ከብቶቹ ግን ለምደውታልና ቀና እንኳ አይሉም፣ ሣራቸውን ይግጣሉ። ማታ ማታ ጅብ ይጮኻል። ፊታችንን ወደ ሰሜን ስናዞር የካ ተራራ አለ፤ አረንጓዴ፣ ጭስ የለበሰ፣ ጠዋት ጠዋት እንጨት የተሸከሙ እናቶች ጎብጠው የሚወርዱበት። ለእኛ ደን ማለት እሱ ነበር።

የባዮሎጂ አስተማሪያችን፣ ቲቸር የምንላቸው፣ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ “ደን አይታችሁ ታውቃላችሁ?” ብለው ጠየቁን። “አዎ፣ የካ!” አልን ሁላችንም ባንድ ድምፅ። ቾኩን አስቀመጡና በመስኮቱ ወደ ተራራው እያዩ ትንሽ ዝም አሉ። “የካ ላይ ያለው ባሕር ዛፍ ነው። እኔ ደን አሳያችኋለሁ” አሉን።

ጥር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ገና ሳይነጋ መገናኛ ተሰባሰብን። ትምህርት ቤቱ የተከራየው ቅጥቅጥ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቀናል። ከየቤቱ የመጣው ስንቅ ተሰበሰበ፤ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ የተቀቀለ ድንችና ዕንቁላል፣ በሃይላንድ የተሞላ የቧንቧ ውሃ። አንዷ ጓደኛችን የአጎቷን ካሜራ ለምና አምጥታለች፤ ሠላሳ ስድስት ፎቶ የሚያነሣ ፊልም ገብቶበታል። በመስቀል አደባባይ፣ በሜክሲኮ፣ በጦር ኃይሎች፣ በአየር ጤና አድርገን ከተማውን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስናቋርጥ ጎህ ቀደደ። ከአየር ጤና በኋላ ቤቱ ሳሳ፣ የጤፍ ገለባ ክምር ታየ፣ ዓለም ገና ደረስን፣ ቀጥሎ ሰበታ። ከሰበታ ከአስፋልቱ ወጥተን በጠጠር መንገድ ተንጓለልን። ብዙዎቻችን ያን ያህል ርቀት ወደ ምዕራብ ስንሄድ የመጀመሪያችን ነበር።

ወጨጫ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በአንድ እርምጃ ነው የሚጀምረው። ከኋላችን የታጨደ ማሳ፣ ፀሐይ፣ አቧራ፤ ከፊታችን ጥላና ብርድ። ሹራባቸውን አውልቀው የነበሩ መልሰው ለበሱ። ግንዶቹን ቀና ብለን ስናይ የልጃገረዶቹ ሻሽ ከራሳቸው ወረደ። ሦስት ልጆች ተያይዘን አንዱን ጥድ ልናቅፍ ብንሞክር እጃችን አልገጠመም። ከቅርንጫፎቹ ግራጫ የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሏል፤ ከሥር ፈርን፣ ሐረግና የወደቀ ግንድ። ሽታው ደግሞ፣ ያው ሽታ፤ ግን እንደ ገርጂው ቋሚ ደርቆ የተከማቸ አይደለም፣ ከእርጥብ አፈርና ከበሰበሰ ቅጠል ጋር የተቀላቀለ።

ከበሩ አንድ የደን ጠባቂ ተቀላቀሉን። ኦሮምኛም አማርኛም እያቀላቀሉ በእጃቸው ያሳዩናል። ጥዱን ጋቲራ፣ ዝግባውን ቢርቢርሳ፣ ኮሶውን ሄጦ ይሉታል፤ ቲቸር ደግሞ ሳይንሳዊ ስሙን ይጨምሩበታል። ሁለቱም አንዱን ዛፍ ከግራና ከቀኝ ቆመው ሲያስረዱን ትዝ ይለኛል፤ አንዱ የሚያውቀውን ሌላው ሲሰማ የሁለቱም ፊት ይበራ ነበር። ኮሶን እስከዚያ ቀን የማውቀው ሰው ፊቱን ሲያጨማድድ “ኮሶ የጠጣ ይመስል” ሲባል ብቻ ነው። ዛፉ ያን ያህል የሚያምር፣ አበባው ቀላ ብሎ በዘለላ የሚንጠለጠል መሆኑን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአንኮበር አጠገብ ካለው ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው ወጨጫን አስተከሉ ተብሎ ሲነገርና ሲጻፍ ኖሯል። ጠባቂው ይህን የተናገሩት አባታቸው እንደ ነገሯቸው አድርገው ነው። ያኔ ቁጥሩ ለእኔ ቁጥር ብቻ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ይደንቀኛል። ንጉሡ ዘሩን ሲያስበትኑ አዲስ አበባ የምትባል ከተማ አልነበረችም፤ ልትቆረቆር ከ400 ዓመት በላይ ይቀራታል። አስተካዩም፣ ተካዩም፣ ከዚያም በኋላ በየዘመኑ “አይቆረጥም” ብሎ መጥረቢያ የመለሰው ሁሉ ዛሬ የምናየውን ጥላ አላየም።

መንገዱ ዳገት ነው። ወጨጫ ጫፉ 3,385 ሜትር ነው ይባላል፤ እኛ ወደ ጫፉ አልወጣንም፣ በጎኑ ይዘን ወደ ውሃው ነበር የምንሄደው፤ ቢሆንም የገርጂን ሜዳ ለለመደ እግር በቂ ነበር። ሸራ ጫማ ያደረጉት ያንሸራትታቸዋል። አንዱ ጓደኛችን ሚዛኑን ስቶ የያዘው ቅጠል ሳማ ሆነና ጩኸቱ ጫካውን አናወጠው። ጠባቂው ሳይቸኩሉ ከመንገዱ ዳር ቱልት ቀነጠሱና በመዳፋቸው አሽተው እጁን አሹለት። ሳማና ቱልት ጎን ለጎን ነው የሚበቅሉት፣ አሉን። ወዲያው ከበላያችን ቅርንጫፍ ተናወጠና ጉሬዛዎች አንድ በአንድ ዘለሉ፤ ጥቁር ሰውነት፣ ከትከሻ የሚወርድ ነጭ ጸጉር፣ ረጅም ነጭ ጭራ። ማንም አልተናገረም። ያን ያህል ልጅ ባንድ ጊዜ ዝም ሲል አይቼ አላውቅም ነበር።

ፏፏቴውን ያገኘነው በጆሮ ነው። መጀመሪያ ነፋስ መሰለን፤ ነፋስ እንዳይሆን ቅጠሉ አይንቀሳቀስም። ከዚያ መንገዱ ወደ ገደል ጎንበስ አለ፣ አየሩ ቀዘቀዘ፣ ድንጋዩ ሁሉ እርጥብ ሆነ። ትልቅ ፏፏቴ አይደለም። የጢስ ዓባይን ፎቶ በመማሪያ መጽሐፍ ላይ አይቶ ያደገ ልጅ ሊያዝን ይችል ነበር፤ እኛ ግን አላዘንም። ውሃው ከዛፎቹ መሐል ድንገት ወጥቶ በጥቁር ቋጥኝ ላይ ይንሸራተታል፣ መካከል ላይ ወጣ ያለ የድንጋይ ከንፈር ሲያገኝ ለሁለት ይከፈላል፣ ዝቅ ብሎ እንደገና ይገጥማል። ከቋጥኙ ላይ የበቀለው ፈርን በእያንዳንዱ ጠብታ ይነቀንቃል። ጓደኛሞች አፋችንን ከጆሮ አስጠግተን ብንጮኽም አንሰማማም። የቲቸር መነጽር ጉም ለበሰ። ካሜራዋም እንደዚያው፤ በኋላ ፊልሙ ሲታጠብ ከፏፏቴው ሥር የተነሣነው ሁሉ ፊታችን ደብዝዞ ወጣ፣ ነጭ ጭስ ውስጥ የቆምን ይመስላል። ፎቶው ዛሬ ያለው ቨርጂኒያ ከምትኖረው ከባለ ካሜራዋ ጓደኛችን ዘንድ ነው። አንዳንዴ በስልክ ትልክልናለች፤ እኛም ማን የቱ ጋ እንደቆመ እንከራከራለን።

ከዚያ ቀን ሁሉ በላይ የማስታውሰው ግን ውሃውን አይደለም። ምሳ በልተን ስናበቃ ቲቸር ጠሩኝና ከአንድ ዝግባ ሥር ተንበረከኩ። የላዩን ደረቅ ቅጠል በእጃቸው ገለጡ፤ ከሥሩ ሌላ ቅጠል፣ እሱም ግማሹ የበሰበሰ፤ ከዚያ ሥር ጥቁር አፈር። አፍሰው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ቀላል ነው፣ ሲጨብጡት እንደ ስፖንጅ ጭምቅ ይላል፤ ጣቶቼ መሐል ውሃ ወጣ። ጥር ነው፤ ዝናብ ከጠፋ ቆይቷል። “ያ ውሃ ከዚህ ነው የሚመጣው” አሉኝ፣ ድምፃቸውን ከፏፏቴው በላይ ከፍ አድርገው። “የክረምቱን ዝናብ ይኼ አፈር ይይዘዋል፤ በጋውን ሙሉ ቀስ እያለ ይለቀዋል።” እጄን ሱሪዬ ላይ አልጠረግሁም፤ እስከ ቅጥቅጡ ድረስ አፈሩን ጨብጬ ነበር የወረድኩት።

ቲቸር ዛሬ በሕይወት የሉም። ይህን ነገር እንዴት እንደተረዳሁት ሳልነግራቸው ቀረ፤ የተረዳሁት በኋላ፣ ምሥራቅ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት መሥርቼ፣ ውሃ በፈረቃ መጠበቅ ስጀምር ነውና። በእኛ ብሎክ ውሃ የሚመጣበት ሌሊት በዓል ነው። ሰው ይነሣል፣ ቢጫ ጄሪካን ይደረደራል፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይጮኻል። ከበላያችን በሰንዳፋ በኩል የለገዳዲ ግድብ አለ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲሠራ የታሰበላት ከተማና ዛሬ ያለችው አይተዋወቁም። ሐምሌ ላይ ደግሞ ውሃው በሌላ መልክ ይመጣል። የካ ላይ የዘነበው በኮተቤና በጉርድ ሾላ በኩል ቡናማ ሆኖ ይወርዳል፣ ቦዩ አይበቃውም፣ አስፋልት ላይ ይወጣል፣ ባንድ ሰዓት ውስጥ አልፎ ይሄዳል። ያን ጎርፍ ባየሁ ቁጥር መዳፌ ውስጥ የነበረው አፈር ትዝ ይለኛል።

በባሕር ዛፍ ላይ ግን ክፉ ቃል አልናገርም። አዲስ አበባ ልጅ ሆኖ ባሕር ዛፍን የሚረግም ሰው ቤቱን የሚረግም ነው። ከተማዋ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው የአገር በቀል ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ አለቀ። ችግሩ ከመክፋቱ የተነሣ ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዋና ከተማቸውን እንጨት ወዳለበት ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ቤተ መንግሥት እስከማሠራት ደርሰው ነበር፤ ያ ቤተ መንግሥት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማዋ ሳትነሣ የቀረችው ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ስለደረሰላት ጭምር ነው። የእናቴ ምጣድ የጋለው በሱ ነው። ልጆቻቸውን ያስተማሩት እነዚያ ከየካ የሚወርዱ እናቶች በጀርባቸው የተሸከሙት እሱን ነው። ቦሌ ላይ የቆመ ፎቅ ሁሉ መጀመሪያ የባሕር ዛፍ አጣና ለብሶ ነው የቆመው፤ ዝናብ ሲነካው የሚሸተው ያ ሽታ የሠፈራችን ሽታ ነው። ተቆርጦ ከጉቶው ይበቅላል፣ በጥቂት ዓመት ደግሞ ለአጣና ይደርሳል።

ጥድ እንዲህ አይደለም። አንዴ ከወደቀ ወደቀ። እሱን የሚያበቅል ሰው የሌላ ሰው ቤት ቋሚ እያበቀለ ነው። ከተማችን ባለፉት 20፣ 25 ዓመታት የሠራችውን ሁሉ ሳስብ፣ መንገዱን፣ ባቡሩን፣ ኮንዶሚኒየሙን፣ የቦሌን መስታወት ሁሉ፣ አብዛኛው እኛው እንድናየው ተብሎ የተሠራ ነው። በዚህ አላፍርም፤ ቤት ያስፈልገን ነበር፣ እኔም ዕጣ ከደረሳቸው አንዱ ነኝ። የሚከነክነኝ ሌላ ነው፤ እኛ የማናየውን አንድም ነገር አለመጀመራችን።

የእህቴ ልጅ የዛሬ ልጅ ናት። እሁድ እሁድ ከጓደኞቿ ጋር “ሃይኪንግ” ትወጣለች፤ በቴሌግራም ይጠራራሉ፣ ቦሌ ተሰብስበው ገና ሳይነጋ በሚኒባስ ይነሣሉ፣ አንዴ ወንጪ፣ አንዴ ዝቋላ፣ አንዴ እዚሁ ከጎሮ ወዲያ የረር። መናገሻ መሄዳቸውን ስሰማ “እኔንም ጨምሪኝ” አልኳት። ጫማቸው ለተራራ የተሠራ ነው፣ ዱላቸው የሚታጠፍ። አብሬ ስጓዝ ያየሁት ከሁሉ በፊት መንገዱን ነው። ድሮ ከአየር ጤና በኋላ የሚሳሳው ቤት አሁን አይሳሳም። ዓለም ገና የት አልቆ ሰበታ የት እንደሚጀምር በምልክት ካልሆነ አይለይም፤ ፋብሪካ፣ መጋዘን፣ ግንብ፣ እንደገና ፋብሪካ።

ደኑ ግን አሁንም በአንድ እርምጃ ጀመረ። ልጆቹ የሚያወሩትን አቋረጡ፤ የእህቴ ልጅ ከጆሮዋ የሙዚቃ ማዳመጫውን አወጣች። ግንደ ቆርቁር ሩቅ ይደበድባል። ቲቸር የተንበረከኩበትን ዝግባ ፈለግሁ፤ አገኘሁት ብዬ ለመማል አልደፍርም፣ ዝግባ ብዙ ነው። ፏፏቴው በዚያ ወር ውሃው አንሷል፣ የድንጋዩ ከንፈር ግን ያው ነው፣ ውሃው እዚያው ቦታ ላይ ለሁለት ይከፈላል፣ እዚያው ቦታ ላይ ይገጥማል። ልጆቹ ቪዲዮ ቀረጹ፣ እግራቸውን ነከሩ፣ ሳቁ። እኔም ከአንዱ ዛፍ ሥር ቅጠሉን ገልጬ ጥቁሩን አፈር አፈስኩና የእህቴን ልጅ መዳፍ አስዘረጋኋት። ጨበጠችው። ቆይታ “ጋሼ፣ እውነት ይኼ ሁሉ ሰው የተከለው ነው?” አለችኝ። እንደዚያ ይነገራል፣ አልኳት፤ ቢያንስ ሰው የጠበቀው መሆኑ ጥርጥር የለውም። “ታዲያ እኛ ጋ ለምን አይተከልም?”

መልስ አልነበረኝም፤ ጥያቄውን ይዤ ወደ ኮንዶሚኒየማችን ኮሚቴ ሄድኩ። በሁለቱ ብሎኮች መካከል ባዶ መሬት አለን። አንዳንዱ ጎረቤት ለመኪና ማቆሚያ ይሁን ይላል፤ አንዳንዱ እንደ ቦሌ መንገድ ዘንባባ ይተከልበት ይላል፤ ዘንባባ ቶሎ ያምራል። እኔ ጥድና ወይራ አልኩ። ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩ አንድ አዛውንት፣ እንደ አባት የምናያቸው፣ “ልጄ፣ ሐሳብህ ደግ ነው፤ ግን ለማን ነው? ጥላ ሲሆን አንተም የለህ፣ እኔማ ከነጭራሹ” አሉኝ። ከልባቸው ነው የጠየቁት። እኔም ከልቤ መለስኩላቸው፤ ስለ ወጨጫ፣ ስለ ወፍ ዋሻ ዘር፣ ጥር ላይ እጄ ውስጥ ስለተጨመቀው ውሃ ነገርኳቸው። አንዲት እናት ዛፉ እስኪያድግ ድረስ ልጆቹ ኳስ የት ይጫወታሉ አለች፤ ተገቢ ጥያቄ ነው፣ በዳር በዳር ብንተክለው መሐሉ ሜዳ ሆኖ ይቀራል አልኩ። የግቢው ጥበቃ ሳይጠየቅ ጣልቃ ገባ፤ በአገሩ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለውን ጥድ የአያቱ አያት ያውቁት እንደነበር ተናግሮ፣ ችግኙን ከበግና ከልጅ እጠብቃለሁ አለ። ሊቀመንበሩ መዝገባቸው ላይ ጻፉት፤ ውሳኔው ግን አልተሰጠም።

ስብሰባው ለግንቦት መጨረሻ ተቀጥሯል። የእህቴ ልጅ ከችግኝ ጣቢያ ጥድም ወይራም አስይዛለች፤ ሰኔ ዝናቡ ሲጠብቅ ትወስዳቸዋለች። ኮሚቴው ከተስማማ በግቢያችን ዳር፣ ካልተስማማ የገርጂ ጊዮርጊስን አስተዳዳሪ ለምነን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ እንተክላቸዋለን።